ጸጋ ካለ ኃጢአት ለምን ያሸንፈናል? (ሮሜ 7 ላይ ተጣብቀናል)

ሜክሲኮ አደባባይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ጥቂት ሰዎች ሆነን መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለን፤ እስካሁን ተጣልተን አናውቅም፤ አማላጅነት የሚባለውን ርዕስ በዘዴ እየዘለልን ነው የምንኖረው ሃሃ። አሁን የሮሜን መልእክት ይዘናል። ምዕራፍ 6 ላይ የሁሉም ፊት በርቶ ነበር። «ኃጢአት አይገዛችሁምና፤ ከጸጋ በታች እንጂ ከሕግ በታች አይደላችሁምና» ይላል ቁጥር 14። አሜን አልን። በቀጣዩ ሳምንት ምዕራፍ 7 ስንገባ ያው ጳውሎስ የሚጠላውን ክፉ እንደሚያደርግ፣ የሚወደውን በጎ ግን እንደማያደርግ ይናገራል። መጨረሻ ላይ «እኔ ምንኛ ጎስቋላ ሰው ነኝ! ለዚህ ሞት ከተሰጠ ሰውነት ማን ያድነኛል?» ብሎ ይጮኻል። ሰዓቱ አለቀና ሁሉም ወደ ቢሮው ተመለሰ። እኔን ግን ነገሩ ሥራ አላሠራኝም። የቱን እንያዝ? ኃጢአት አይገዛንም ወይስ እየገዛን ነው? እባካችሁ ጥቅስ ብቻ ለጥፋችሁ አትሂዱ፣ አስረዱኝ።

ሮሜ ስምንት፦
ወንድሜ ጌታ ይባርክህ። መልሱ አጭር ነው። ያ ሰው ገና ዳግም ያልተወለደ ሰው ነው። ጳውሎስ ፈሪሳዊ ሳለ በሕግ ሥር የነበረውን ትግል ነው የሚተርከው። 7፥14 ላይ ራሱን ለኃጢአት እንደተሸጠ ሰው አድርጎ ይገልጻል። 6፥18 እና 6፥22 ላይ ግን ከኃጢአት ነፃ ወጥታችኋል ብሎ ነበር። ሰው በአንድ ጊዜ ነፃም የተሸጠም ሊሆን አይችልም። በቃ።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
«በቃ» ለማለት ትንሽ ቸኮልክ ወንድሜ። አንተ ያልከውን የሚሉ ትልልቅ አባቶች አሉ፤ ዮሐንስ አፈወርቅም ያንን ክፍል በሕግ ሥር ስላለ ሰው እንደተነገረ አድርጎ ይተረጉመዋል። የሂፖው አውግስጢኖስም (ሂፖ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ናት) መጀመሪያ እንደዚያው ያምን ነበር። ኋላ ፔላግዮስ ከሚባል መምህር ጋር በተከራከረበት ዘመን ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ ይህ ጳውሎስ ራሱ ነው፣ አምኖ እያለ የሚታገል ሰው ነው አለ። በእናንተም ቤት ቢሆን ሉተር የኋለኛውን አውግስጢኖስን ተከተለ፣ የሜቶዲስቶቹ ዌስሊ ደግሞ አንተ ያልከውን አለ። ስለዚህ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ተብሎ የሚከፈል ጥያቄ አይደለም።

የፔላግዮስን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሰውየው ሥነ ምግባር የሚወድ፣ የሮም ክርስቲያኖች ኑሮ መላላት ያንገበገበው ሰው ነበር። ትእዛዝ ከተሰጠን መፈጸም እንችላለን ማለት ነው ይል ነበር። ጸጋ ለእሱ የተፈጠርንበት ነፃ ፈቃድ፣ የሕጉ ትምህርትና የክርስቶስ አርአያነት ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ክርስቶስን አስተማሪ ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል። ንስጥሮስ የተወገዘበት የ431ዱ የኤፌሶን ጉባኤ የፔላግዮስን ደቀ መዝሙር ቄሌስጥዮስንም አውግዟል። እኛ ጉባኤውን እንቀበላለን፤ ስንመካከር ግን «ጨክነህ ተው!» የምንለው ነገር ከፔላግዮስ አፍ የወጣ ነው የሚመስለው።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህን ሁሉ የጸጋ ወሬ እጠራጠራለሁ። አለቃዬ የነበረ ሰው እሁድ መዘምራን ውስጥ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ያለ «ሻይ» ወረቀት አይፈርምም። ስትጠይቀው በሥራ ሳይሆን በጸጋ ነው የዳንነው ይልሃል። ሌላው ደግሞ በጾሙ ሥጋ አይቀምስም፣ የሰው ደም ግን ይመጣል። እንደ እኔ ጸጋ የሚለው ቃል በዚህ ከተማ የሌባ መሸሸጊያ ሆኗል። ጠበቅ ያለ ሕግ ይሻላል።

ሮሜ ስምንት፦
ሂሳብ ሠራተኛው፣ ንዴትህ ይገባኛል። ጳውሎስም ሰዎች ይህን እንደሚሉት ስለሚያውቅ ራሱ ነው ቀድሞ የጠየቀው። «ኃጢአት በበዛበት ግን ጸጋ ከመጠን ይልቅ በለጠ» ካለ በኋላ (5፥20) ወዲያው ታዲያ ጸጋ እንዲበዛ ኃጢአት እየሠራን እንቀጥል? ይልና አይደለም ብሎ ይዘጋዋል። ለቲቶ ሲጽፍ ደግሞ (2፥11-12) ያ የሚያድነው ጸጋ ዓለማዊውን ምኞት እንድንክድ የሚያስተምረን ነው ይላል። ያስተምራል! አለቃህ የተማረው ነገር ካለ በፊርማው ላይ ይታይ ነበር። ዘኬዎስን አስበው። ጌታ ቤቱ ገብቶ ከእሱ ጋር ልዋል ሲለው ገና ምንም አልመለሰም ነበር። ጸጋው ቀደመ። ከዚያ ተነሥቶ ያታለልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ማንም በሕግ አላስገደደውም። በሙሴ ሕግ ውስጥ በራሱ ጊዜ ተናዞ ለሚመልስ ሰው የተጠየቀው ዋናውና አንድ አምስተኛ ጭማሪ ብቻ ነበር፤ እሱ ከዚያ አልፎ ሄደ።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
አራት እጥፍ? አለቃዬ ይህን ካደረገ እኔም እዘምራለሁ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ሰላም። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። የእናንተ ክርክር የማን ትርጉም ልክ ነው የሚለው ላይ ነው፣ እኔ ግን ምዕራፍ 7ን ሳነብ የራሴን ማስታወሻ ደብተር ሰው ሰርቆ ያነበበው ነው የመሰለኝ።

ነገሬ ቤቲንግ ነው። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ካለው ቤት ትኬት እየቆረጥን፣ በትንሽ ብር፣ ለሳቅ ነበር። ኋላ በስልክ ሆነ። አሁን ማታ ሁሉም ሲተኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ኳስ እንኳ አይደለም፣ ያቺ የምትነሳውን አውሮፕላን የምታሳየዋን የቁማር ጨዋታ ነው የምነካው። ደመወዝ ሲገባ እጄ ይቆስላል ማለት ይቻላል። ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ ምያለሁ። ስለት ተስያለሁ። አፑን አጥፍቼ መልሼ ጭኛለሁ። ካዛንቺስ ፈርሶ ሰፈራችን ሲበተን ከጓደኞቼ ስለተለየሁ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ ተከትሎኝ መጣ። ማርያምን አልወደውም! ስጫወት እንኳ ደስ አይለኝም። እና ጥያቄዬ ያልዳነ ሰው ነኝ ወይስ የዳነ የሚታገል ሰው? ያልዳንኩ ከሆንኩ ጥምቀቴና ቁርባኔ ምን ሆነ? ይሄ ዳነ የሚባለው ደግሞ ከሆነ መዳን ማለት ይሄ ነው እንዴ?

እሳት ነኝ፦
ወንድሜ አትድከም። ይሄ የቁማር መንፈስ ነው። መንፈስ ደግሞ በምክር አይወጣም። እኔ የማውቃቸው ነቢይ አሉ፣ አንድ ጊዜ እጅ ከጫኑብህ ያበቃል። አድራሻ ልላክልህ?

ሲስተር፦
ኧረ በስመ አብ። ለሁሉም ነገር መንፈስ! የጥርስ መንፈስ፣ የጨጓራ መንፈስ፣ የቤቲንግ መንፈስ። እኔ ነርስ ነኝ፣ አማኝም ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የቁማር ሱስ ከሱስ በሽታዎች ጋር ነው የተመደበው። አእምሮ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ ሲጠብቅ ይበልጥ ይጣበቃል፤ ጨዋታዎቹም ሆን ተብለው እንዲያ ነው የሚሠሩት፣ ለጥቂት ያመለጠህ እንዲመስልህ። ስለዚህ የካዛንቺስ ልጅ፣ ሐኪም ማየትም አለብህ፣ በተለይ እንቅልፍ ካጣህ ወይም ሕይወትህን የሚያስጠላህ ሐሳብ ካለ ነገ ዛሬ አትበል።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ። «እሳት ነኝ» እኛም ጠበል አለን፣ የክፉ መንፈስ ውጊያ የለም አንልም። ግን ሰው ወድዶ የለመደውን ሁሉ ጋኔን ላይ ስንጭን ሰውየው ንስሐ የሚገባበት ነገር አይቀረውም።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ሲስተር፣ በሽታ ነው ካልሽ ታዲያ ኃጢአት አይደለም ማለት ነው? በሽተኛ አይወቀስም። ሁለቱንም መሆን አይችልም።

ሲስተር፦
ለምን አይችልም? ጳውሎስ ኃጢአትን አንድ መጥፎ ሥራ ብቻ አያደርገውም። ሮሜ ላይ ኃጢአት ንጉሥ ነው፣ ይገዛል። ጌታ ነው፣ ባሪያ አለው። ደመወዝ ይከፍላል፣ 6፥23፣ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንክ ይህችን ትወዳታለህ፤ ደመወዙም ሞት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 4 ላይ ለቃየን ሲነገረው ኃጢአት በደጅ የሚያደባ ነገር ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ገዢ የሰውን ፈቃድ ብቻ ይዞ አእምሮውንና እጁን ይተዋል? ሰውየው በፈቃዱ ገባ፣ አሁን ግን በፈቃዱ ብቻ መውጣት አቃተው። ያ ነው ባርነት። ሐኪሙ የሚያየው የታሰረበትን እጅ ነው፣ ቄሱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፣ አይጣሉም።

ሜክሲኮ አደባባይ፦
ጥያቄዬ ወዴት ወዴት ሄደ! ግን ተዉት፣ እንዲህ ይሻላል። የካዛንቺስ ልጅ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። የኔን ጥያቄ አንተ ነህ በደንብ የጠየቅከው።

ሮሜ ስምንት፦
የካዛንቺስ ልጅ፣ ጽሑፍህን አንብቤ ምዕራፉን እንደገና ከፈትኩ። ቅድም «በቃ» ያልኩት ላንተ አይሆንም። ማነው ያ ሰው የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ሌላ ነገር እይ። ከ7፥7 እስከ 7፥25 ድረስ «እኔ» ያልተነገረበት መስመር ማግኘት ይቸግራል። እኔ አውቃለሁ፣ እኔ እጠላለሁ፣ እኔ እወዳለሁ፣ እኔ አደርጋለሁ። ሕጉ መንፈሳዊ ነው ከማለቱ በቀር መንፈስ ቅዱስ እዚያ ውስጥ አይጠራም። ምዕራፍ 8 ላይ ግን 20 ጊዜ ገደማ ይጠራል። ሰውየው ሕጉን ያውቃል፣ ይወደዋል፣ ፈቃድም አለው። የጎደለው አብሮት የሚቆም ነው። ጩኸቱንም ልብ በል። «እንዴት ልዳን?» ወይም «ምን ላድርግ?» አላለም፤ «ማን ያድነኛል?» ነው ያለው። ዘዴ ፍለጋውን ትቶ ሰው ፍለጋ ገባ ማለት ነው፤ ወዲያው በቀጣዩ ቁጥር በኢየሱስ ክርስቶስ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

ሜክሲኮ አደባባይ፣ እናንተ ደግሞ የምሳ ሰዓት አልቆ 7 ላይ ቆማችሁ ነው የተጨነቃችሁት። ጳውሎስ ይህን ሲያስጽፍ (ጤርጥዮስ ነው እየሰማ የጻፈው፣ 16፥22) ምዕራፍ የሚባል አልነበረም፤ ምዕራፍ የተከፈለው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሮም ሰዎች ፌቤን ይዛላቸው የሄደችውን ደብዳቤ ሲሰሙት ጩኸቱና «እንግዲህ በክርስቶስ ኢየሱስ ላሉት አሁን ኵነኔ የለባቸውም» የሚለው የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው የሚራራቁት።

የካዛንቺስ ልጅ፦
አሁን ኵነኔ የለም የሚለው ደስ ይላል ግን እውነቱን ልንገርህ ያስፈራኛል። ኵነኔ ከሌለ ማታ ምን ያቆመኛል? የሚያቆመኝ ፍርሃት ብቻ ነው የሚመስለኝ።

ሮሜ ስምንት፦
ፍርሃቱ አቁሞህ ያውቃል?

የካዛንቺስ ልጅ፦
አያውቅም። እንዲያውም ተጫውቼ ካበቃሁ በኋላ ራሴን ስለምጠላ ያንን ለመርሳት መልሼ እገባለሁ።

ሮሜ ስምንት፦
አየህ። ወቀሳው ራሱ ሲጎትትህ ነው የኖረው። የምትኖርበትን ቤት ለቅቀህ ወጥተሃል እንበል፣ አዲሱ ቤትህ ገብተሃል። የድሮ አከራይህ በወሩ መጨረሻ ደውሎ ኪራዬን አምጣ ቢልህ ድምፁ ያስደነግጥሃል፣ ለዓመታት ስትፈራው ስለኖርክ። ግን መብት የለውም። 6፥14 የሚለው ይህን ነው። ኃጢአት መደወሉን አላቆመም፣ ያጣው ሥልጣኑን ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦
የኔ ችግር እሱ መደወሉ አይደለም። እኔ ራሴ ታክሲ ይዤ ሄጄ ነው የምከፍለው።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ሃሃሃ ይሄ ልጅ ከሁላችሁም የበለጠ ሮሜ 7 ገብቶታል።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
እውነት ነው፣ ምሳሌው እዚያ ላይ ያንሳል። ነፃ የወጣ ሰው ልማዱ ገና አብሮት ስላለ ነው ተጋድሎ የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው። ሙሴ ጸሊምን አስታውሱ፣ ሰኔ 24 የምናከብረውን። ሽፍታ ነበር፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ገዳመ አስቄጥስ የገባው ለመነኮሳቱ ወንጌል ሊሰብክ አልነበረም። ተመለሰ፣ መነኮሰ። ግን በመነኮሰ ማግስት ሰላም አላገኘም። ዝሙት ለዓመታት ተዋጋው፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሁሉ ደርሶ ነበር። አባ ኤስድሮስ ጋ እየተመላለሰ የልቡን ይነግረው ነበር። ልብ በሉ፣ ይነግረው ነበር! በኋላ አንድ ወንድም አጠፋ ተብሎ ሽማግሌዎች ለፍርድ ሲሰበሰቡ ሙሴ የሚያፈስ ዕቃ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድነው ሲሉት ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን የሌላውን ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድሙን ማሩት።

ስለዚህ የካዛንቺስ ልጅ፣ ጥምቀትህም ቁርባንህም የትም አልሄደም። አሁን ልጠይቅህ፣ ለንስሐ አባትህ ነግረሃል?

የካዛንቺስ ልጅ፦
ሌላ ሌላውን ነግሬያለሁ። ይሄንን አልነገርኩም። አፍራለሁ፣ ቤተሰባችንን በሙሉ ነው የሚያውቁት።

ሮሜ ስምንት፦
እኛም ጋ ያው ነው። «ጸልዩልኝ» እንላለን እንጂ ለምን እንደሆነ አንናገርም። ያዕቆብ 5፥16 ግን እርስ በርስ ተናዘዙ ይላል፣ ትፈወሱ ዘንድ። ዲያቆን፣ በዚህ ላይ እናንተ ትበልጡናላችሁ፣ ቢያንስ የሚሄዱበት ሰው አላችሁ።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
ከተሄደ። ብዙው ሰው ጾም ሊፈታ ሲል ነው ትዝ የሚለው። ቀኖናውንም እንደ ቅጣት ክፍያ የሚቆጥረው ብዙ ነው፣ ሰግጄ ጨረስኩ፣ ዕዳ የለብኝም ብሎ ወደ ቀድሞው። ቀኖና መድኃኒት ነው፣ ይቅርታውን አይገዛም።

እሳት ነኝ፦
እኔ አሁንም መንፈስ ነው ባይ ነኝ። ግን ይናገር በሚለው እስማማለሁ። ነቢዩም መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ደበቅክ ብለው ነው።

እትዬ ነኝ፦
ልጆቼ ከቅድም ጀምሮ እያነበብኩ ነው፣ መጻፍ ስለማልፈጥን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጠጥ ነበረበት። ፒያሳ ሳይፈርስ እዚያ ሠርቶ እዚያው ጠጥቶ ነበር የሚመጣው። ሥላሴ ካቴድራል ሄዶ አልቅሶ ይመለሳል፣ ማታ ይጠጣል። ጸጋውን አላውቅም ነበር እንዳትሉ፣ ሰውየው ከእኔ ይልቅ ይጸልይ ነበር። የተወው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ በራሱ አፍ ሁሉንም ከነገረኝ በኋላ ነው፣ ያ ሁሉ ዕዳ፣ የማላውቀው ብድር። ከዚያ ደመወዙን እኔ እንድቀበል ተስማማን። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት «ጸጋው የሚበቃው ከሆነ ለምን ደመወዙን ትቀበዪዋለሽ?» አለችኝ። ምን አልኳት መሰላችሁ፣ ጸጋው እኔን ነው የላከው አልኳት። ከዚያም በኋላ ወድቋል፣ አልዋሻችሁም። ግን ሲወድቅ ቤት ይመጣል እንጂ እንደ ድሮው አይሸሽም ነበር። ለእኔ ያ ነው ልዩነቱ።

ሜክሲኮ አደባባይ፦
እትዬ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «ጸጋው እኔን ነው የላከው» ያሉትን ለቡድናችን አነብላቸዋለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።

እትዬ ነኝ፦
አንብብ። ስሜን ግን አትጥራ።

ሮሜ ስምንት፦
እትዬ ጌታ ይባርክዎት። ግን አንድ ነገር ላይ ልከራከርዎት። ወድቆ መመለሱ መልካም ነው፣ ቢሆንም ክርስቲያን ሁልጊዜ እየወደቀ ይኖራል ብለን ማስተማር የለብንም። 8፥2 የሕይወት መንፈስ ሕግ ከኃጢአትና ከሞት ሕግ ነፃ አወጣኝ ይላል። እኔ ጫት ከተውኩ ወዲህ ሱሱ መጥቶብኝ አያውቅም።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
ላንተ እንዲያ ሆነልህ፣ ተመስገን። ለሙሴ ጸሊም ዓመታት ፈጀ። ያንተን ለሁሉም ሕግ አታድርገው፣ ያልሆነለት ሰው አልዳንኩም ብሎ ይሄዳል። ሮሜ 8 እኮ ቁጥር 23 ላይ የመንፈስ በኩራት ያለን እኛ ራሳችን እንቃትታለን ይላል። አንተ የስምህ ምዕራፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ሮሜ ስምንት፦
ያ ስለ ሰውነት ቤዛነት ነው የሚናገረው፣ ስለ ቤቲንግ አይደለም። ሌላ ክር ከፍተን እንከራከርበት።

ሲስተር፦
ክፈቱ፣ እኔም እመጣለሁ። አሁን ግን ልጁ ሳይጠፋብን። የካዛንቺስ ልጅ፣ ደመወዝ መቼ ነው የሚገባው?

የካዛንቺስ ልጅ፦
ዓርብ።

ሲስተር፦
እስከዚያ ገንዘቡን የሚይዝልህ ሰው ማን ነው? የባንክ አፑን ከስልክህ አውጣና እሱ ስልክ ላይ ይሁን። ሐኪም ቀጠሮውን እኔ አግዝሃለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
ለንስሐ አባትህ ደግሞ ከዓርብ በፊት ደውል። አፈርኩ ብለህ ጀምር፣ ከዚያ እሳቸው ያወጡሃል።

የካዛንቺስ ልጅ፦
እሺ። ለአባ ነገ እደውላለሁ። ገንዘቡን እህቴ ትያዝልኝ ብዬ አስቤያለሁ፣ ዛሬ ማታ ልነግራት ነው። ግን እሷ አፏ ስለማያርፍ ለእናቴ ትናገራለች።

እትዬ ነኝ፦
ትናገር! ይህን ያህል ጊዜ እናትህ ሳታውቅ ቀርታ ነው? ይልቅ ራት ሳይቀርብ ንገራት፣ ከራት በኋላ ትፈራለህ።